ሚቲጌት የሌለው በር

ውድ ወንድሜ ጋሽዬ፣

ይህን ወረቀት እጅህን ሳትታጠብ እንደምትይዘው አውቃለሁ። ጥቁር የአውራ ጣትህን ምልክት ዳር ላይ ታሳርፍበትና "በል ጩጬ፣ ዛሬ ማንን ቀጠርን?" ትለኛለህ። ዛሬ አዲስ ቅጥር የለም። የማወራህ ስለዚያው ስለ ሚቲጌት ነው። ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አላየህምና ልንገርህ።

የእኛን ቤት ሕግ ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት የእንግሊዝኛ ቃል ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሥራ ካልተገኘለት እንደተማርኩት አይቆጠርም ነበር። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ "ትርጉሙን ተወው፤ ሥራው ምንድን ነው?" ትለኛለህ። ሥራ ያጣውን ቃል "ቦዘኔ" እንለዋለን። ቤቱ ቦዘኔ በቦዘኔ ነበር።

ሚቲጌትም መጀመሪያ ቦዘኔ ነበር። መዝገበ ቃላቱ "መቀነስ፣ ማቃለል" ይላል። እኔም አንድ ቀን ቁርሴን አጋምሼ ስነሣ "ቁርሴን ሚቲጌት አደረግሁት" አልኩህ።

"ቁርሱ ምን በደለህ?" ብለህ ሳቅህ። "መምህርቷ እንደሱ ነው ያለቻችሁ?"

"የሚቀነሰው ነገር መጥፎ መሆን አለበት ብላለች። ጉዳት፣ ሕመም፣ አደጋ ምናምን።"

"እንዲህ ከሆነማ ሥራ አያጣም።"

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መጡ። "አንተ ልጅ፣ በር ነው መድፍ የሠራህልኝ? የልጅ ልጄ እንቅልፍ ሸለብ ባደረገው ቁጥር ድው!" አንተም አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በስሱ ቆርጠህ በፍሬሙ ዙሪያ ለጠፍክላቸው። ከዚያ በሩን ለቀቅከው። መዝጋቱን ዘጋ፤ ድምፁ ግን ትራስ እንደወደቀ ያህል ሆነ። ወደ እኔ ዞረህ ጠቀስከኝና "ሚቲጌት" አልክ። እትዬ የጎማው ስም መሰላቸው።

በቃ፣ ሰፈሩ ያዘው። "የእኔ በር ሚቲጌት ይኑረው"፣ "የጓዳዬ ሚቲጌት ተላጠ"። ላርማቸው ስነሣ "ተዋቸው አቦ፣ ቋሚ ቅጥር ሆነ እኮ!" ብለህ ከለከልከኝ። ያኔ ነው የጠየቅሁህ። "ድምፁን ጨርሰህ ለምን አታጠፋውም? ለእሱም ቃል አለው፤ ኤሊሚኔት ይባላል።"

"በሩን ብነቅለው ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሌባ ግን ይገባል። ብረት መቼም ብረት ነው ጩጬ። እኔ የምችለው ሕፃኑ እንዲተኛ ማድረግ ነው።"

የራሳችንን በር ግን ጎማ ነፍገኸው ቀረህ። ማልደህ ስትወጣ ድው ታደርገዋለህ፤ እኔ ከአልጋ እዘላለሁ፣ እትዬ ከወዲያ ማዶ "ነጋ!" ይላሉ።

ከዚያ ፎቅ ላይ የመስኮት ብረት ልትገጥም ወጣህና ከመሰላሉ ወደቅህ። ስለዚያ ቀን ሌላ አልጽፍም።

የለቅሶው ሰው ከተበተነ በኋላ አጎታችን ብየዳ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ለአክስታችን፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ "ማሽኑ ቆሞ ይዝጋል፣ ልጁ እንግሊዝኛ ያጠናል" አላት። ክፉ ሆኖ እንዳይመስልህ፤ ጦሜን እንዳላድር ፈርቶልኝ ነው። በመጨረሻ ተስማማን። የእንግሊዝኛውን የቃል ፈተና ካለፍኩ እማራለሁ፤ ከወደቅሁ ጓንትህን አጠልቃለሁ። ፈተናውን ታውቀዋለህ፤ አንድ ከባድ ቃል መርጦ በሰው ፊት ማስረዳት ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይጠራል። ሁልጊዜ አንተ ነበርክ በቱታህ የምትመጣው። ዘንድሮ አጎቴ መጥቶ ከኋላ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ተጠርቼ ስወጣ ያጠናሁት ትርጉም ብን ብሎ ጠፋኝ። አንድ ልጅ ከፊት ሲስቅ ሰማሁ። ጓንትህ ታየኝ፤ ለእጄ እንዴት እንደሚሰፋ ሳይቀር ታየኝ። ያኔ "ሥራው ምንድን ነው?" ስትለኝ ሰማሁህ። ከእትዬ በር ጀመርኩ። ወንድሜ በር ይሠራ ነበር አልኩ። ስለ ብረቱ፣ ስለ ካላማዳሪው፣ ስለ ሕፃኑ ተናገርኩ። ከዚያ ቃሉን አስገባሁት፤ ልክ አንተ ማጠፊያ ስትገጥም እንደሚገባው ቀጭ ብሎ ገባ።

ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣው ፈታኝ "ከኤሊሚኔት በምን ይለያል?" ብሎ ጠየቀኝ። በሩን ቢነቅለው ድምፁ ይጠፋል፣ ሌባው ግን ይገባል አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ብቻ አልሳቀችም፤ ጠመኔዋን አስቀምጣ ማጨብጨብ ጀመረች። አንተን ታውቅሃለቻ። አለፍኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ጠየቀኝ።

"ምን ብለህ ነው እንዲያ ያሳቅሃቸው?"

"ስለ ጋሼ ጎማ ነገርኳቸው።"

"ስለ ጎማ?"

"አዎ።"

"ለጎማ ነው ያ ሁሉ ጭብጨባ?" ቆመ። "በል ተማር። ማሽኑን እኔ እየመጣሁ ግራሶ እቀባዋለሁ።"

እነዚያ ሰዎች ከእንግዲህ ያን ቃል በሰሙ ቁጥር ያንተን በር ያስባሉ ጋሽዬ። ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። ተወኝ፣ ትንሽ ልኩራብህ።

አክስቴ ትናንት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሐዘኑ ሰሞን የገባ የወጣው ሁሉ በራችንን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር የሚዘጋው፤ የታመመ ሰው የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት። አጎቴም ሊሸኛት ሲመጣ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጎማ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ሄደ። "ለዚህኛውም ሚቲጌት አድርግለት፣ ብቻህን ስትሆን እንዳያስደነግጥህ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰኝ አልነበረም። በራሴ ነቃሁ፤ ፀሐይዋ አልጋህ ላይ ደርሳለች። ታጠብኩ፣ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ጎማውን ጠቅልዬ ሚስማሩ ላይ በተሰቀለው ቱታህ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዬን አነገትኩና ወጣሁ። እጀታውን አንተ እንደምትይዘው ያዝኩ፤ ባለኝ ኃይል ሳብኩት።

ድው!

ከፍሬሙ ላይ አቧራ ረገፈ። የእትዬ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ!"

ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ሻክሮ በመስኮት መጣ።

"ነጋ እንዴ?"

"ነግቷል!" አልኩና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ጩጬህ