ስልሳ አራተኛው መሣሪያ

ለእኅቴ ለእትዬ ገበያነሽ፣
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሞ በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ። ለገና የላክሽልን የቦንጋ ማር ባደረበት ጽኑ የማንኪያ ብዛት ሐሙስ ዕለት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። የመጨረሻው ሥነ ሥርዓትም በባለቤቴ በጥሩወርቅ ጠቋሚ ጣት ተፈጽሟል።

እንግዲህ ከዚህ ሐዘን ወዲህ እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ከጥቁር ሰሌዳው ጋር እንደተኳረፈ ነው? ጋሼ አምሳሉ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። በዚህ ሳምንት የደከምኩትን ያህል ግን ድንጋይ ስፈልጥ ብከርምም የምደክም አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቂው እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ ባለው መሥሪያ ቤታችን የኔትወርኩ ጠባቂ እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት መስመሩ ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች ስቆጥር ስልሳ ሦስት መሆን የነበረባቸው ስልሳ አራት ሆኑብኝ። ስልሳ አራተኛው ስም የለው፣ ወገን የለው፤ ሳይጠሩት ማዕድ እንደቀረበ እንግዳ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ነገር ዝም ከተባለ ነገ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ዘርግፎ ይወስዳል። ስለዚህ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ «በመሥሪያ ቤታችን ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ መሣሪያ ተገኝቷል። ባለቤቱ በአስቸኳይ ቀርቦ ያስመዝግብ፤ አለዚያ ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል።» «በኔትወርኩ ላይ» የምትለዋን ወረቀቱ ስለጠበበኝ ተውኳት።

አንቺ የአማርኛ መምህርት ነሽ፤ ምን እንደተከተለ ሳልነግርሽ ገብቶሻል። በአገራችን «መሣሪያ» ሲባል ኮምፒውተር የሚታየው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕንፃው ተሸበረ። የመዝገብ ቤቷ ሀዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣችና «ክላሽ ነው ሽጉጥ?» አለችኝ። እኔ በኔትወርክ አእምሮዬ «ገና አልታወቀም» አልኳት። «እሱ እስኪታወቅ እኔም እዚህ አልታወቅ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማክሰኞ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግዛቸው ሰበሰቡንና፣ መሣሪያ ከየትም አይመጣም፣ ሳይፈተሽ በበር ገብቶ ነው ብለው የበሩን ጥበቃ ጋሽ አየለን ከሥራ አገዷቸው። ጋሽ አየለ እኮ የምሳ ዕቃዬን ሳይቀር ከፍተው፣ ሽሮ መሆኑን አረጋግጠው የሚያሳልፉኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። በዚህ ጥፋት ከተባረሩ ለስንት ዘመን የቆሙበት በር በውርደት ሊሸኛቸው ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ።

አቶ ግዛቸውን ተከትዬ ቢሮ ገባሁ። መሣሪያ ያልኩት ዕቃ ለማለት ነው ብላቸው፣ «ታዲያ ዕቃ ብትል ምን ይቆርጥህ ነበር?» አሉኝ። የእግዱ ደብዳቤ ቁጥር ወጥቶለት ማኅተም ስላረፈበት፣ መሣሪያው በአካል ካልቀረበ በቀር አይሻርም አሉ።

ከዚያ ወዲያ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ የስልሳ አራተኛው የዋይፋይ ሞገድ የት ላይ እንደሚበረታ እየለካሁ ደረጃ ስወጣ ደረጃ ስወርድ ዋልኩ። ሀዋም ተመልሳ መጥታ ኖሮ ባለፍኩ ቁጥር «ልጁ እስካሁን አልተኛልህም?» ትለኛለች። ሞገዱ አቶ ግዛቸው በር ላይ ስደርስ ይበረታል። ላፕቶፑ ተሳስቶ ነው ብዬ አለፍኩ። ደግሞ ተሳሳተ፤ ደግሜ አለፍኩ። የእንጀራ ነገር ነው እትዬ፤ አለቃና ላፕቶፕ ሲጣሉ ሰው ከአለቃው ጎን ይቆማል።

በመጨረሻ የደካማ ሰው ዘዴ ያዝኩ፦ የስልሳ አራተኛውን መስመር ዘግቶ ማን እንደሚጮኽ ማዳመጥ። ረቡዕ ዝም። ሐሙስ ዝም። ዓርብ ጠዋት አቶ ግዛቸው ጮኹ። «ሁለት ቀን ሙሉ ምሳ ትቼ አንድ ግራም አልቀነስኩም! ይሄ ኔትወርክህ ምን ነካው?»

ጉዳዩ ሲጣራ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸው የክብደት ሚዛን ከመጋረጃቸው ጀርባ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ሲቆሙ ቁጥሩን ሆዳቸው ስለሚጋርድባቸው ሚዛኑ ራሱ በኔትወርኩ በኩል ወደ ስልካቸው ይልክላቸዋል። እኔ ስዘጋው ስልካቸው የማክሰኞውን መቶ አራት ኪሎ ታቅፎ ቀረ።

መጋረጃውን መልሰው ሳቡና፣ ይሄ ነገር በእኔና በአንተ መካከል ይቅር አሉኝ። «ይቅር፤ ጋሽ አየለ ግን ይመለሱ» አልኳቸው። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ድካም ሳይሆን አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ወጣ፦ «መሣሪያው በበር አለመግባቱ በባለሙያ ስለተረጋገጠ» እግዱ ተነሥቷል፣ ያልሠሩባቸውም ቀናት ከዓመት ፈቃዳቸው ይቀነሳሉ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ፈረምኩ።

ጋሽ አየለ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡትና «በበር ካልገባ በየት ገባ፣ ልጄ?» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ በዚህ ወር ያስገባሁት አዲስ ዕቃ የጌቶችን የሚዛን ካርቶን ብቻ ነው፤ እሱንም በገዛ ትከሻዬ» አሉና ኮፍያቸውን አራግፈው ደፉ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጋሼ አምሳሉን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ኢያኤልን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ክብሩን የጎረቤት ዶሮ ማሳደዱን ከተወ ብቻ ሳሚው። ጥሩወርቅ በናፍቆት ሰላም ትልሻለች፤ ስለ ማሩ የጻፍኩትን ግን አላሳየኋትም።

ወንድምሽ ያቤጽ
ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ከላይ «ወረቀቱ ስለጠበበኝ» ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው። የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነበር። «መሣሪያ» ብቻዋን ስትቆም ሰው ደንግጦ ቶሎ ይመጣልኛል ብዬ ሌላዋን ቃል እያወቅሁ ነው የተውኳት። ስለሆነም ጋሽ አየለን ያሳገዳቸው አቶ ግዛቸው ብቻ ሳይሆን ወንድምሽም ጭምር ነው ተብሎ ተስተካክሎ ይነበብ። ለእሳቸው ገና አልነገርኳቸውም። ሰኞ ጠዋት፣ ሳይፈትሹኝ በፊት፣ እነግራቸዋለሁ።