በኽምጣኛ የነገርሽን

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። ደክሞኛል። ይህን ለሌላ ሰው ብናገር «በርቺ» ይለኛል፤ አንቺ ግን «ታዲያ ጋደም በይ» ትይኝ ስለነበር ላንቺ እጽፋለሁ።

የአማርኛ መጻሕፍትሽን ለትምህርት ቤት ሰጠሁ። የፈረንሳይኛዎቹን ሰቆጣ ውስጥ የሚቀበለኝ አላገኘሁም። የታችኛውን መደርደሪያ ምስጥ ጀምሮት ስላየሁ ሁሉንም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ጎረቤታችን «ልትሸጫቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀብርሽ ላይ የሕይወት ታሪክሽ ሲነበብ ከጋዝጊብላ ቄስ ቤት ወጥታ ፕሮፌሰር የሆነች ተባለ። እንዴት እንደወጣሽ ግን አልተነበበም። በዐሥራ ሦስት ዓመትሽ ለአንድ ዲያቆን ታጭተሽ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጎሕ ሳይቀድ ተነስተሽ በእግርሽ ሰቆጣ አክስትሽ ቤት ገባሽ፤ ትምህርት ቤትም ተመዘገብሽ። አባትሽ እስኪሞቱ ድረስ አላናገሩሽም። ታላቅ ወንድምሽ ቄስ ሞላም ቂሙን ወረሱ።

የክፍልሽም ነገር አልተነበበም። አንድን ታላቅ የፈረንሳይ ልብ ወለድ ማስተማር ስትጀምሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ይህ ሰውዬ ይህን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ ሸሚዙን ማን ያጥብለት ነበር?» ብለሽ ነበር። ወንዶቹ መምህራን ከኋላሽ «ወይዘሮ ሸሚዝ» ይሉሽ ነበር፤ አውቀሽ ትስቂበት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ «የኛንስ ማን ነው የሚያጥበው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። በሳምንቱ ሠራተኛችንን ይዘሽ ሄደሽ ትምህርት አስገባሻት። እኔ አንቺን ያወቅሁሽ ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ጡረታ ወጥተሽ ወደ ሰቆጣ ስትመለሺ ተከተልሁሽ። ብዙም ሳንቆይ ደም ግፊቱ ጣለሽ፤ አንድ ጎንሽም አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ዓይንሽን ስትገልጪ ፈረንሳይኛው የለም፣ አማርኛውም የለም። የቀረልሽ ኽምጣኛ ብቻ ነበር፤ የልጅነት ቋንቋሽ፣ ለእኔ አንድ ቃል ያላስተማርሽኝ። ደጋግመሽ አንድ ነገር ትይኛለሽ፤ ውኃ ልስጥሽ ወይስ ላገላብጥሽ አላውቅም። ሲሰለችሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ያን ጊዜ ተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ።

ነርሷ ኽምጣኛ ብታውቅም ፋታ አልነበራትም። ስለዚህ ጋዝጊብላ ወጥቼ ቄስ ሞላ እግር ላይ ወደቅሁ። «እሷን ላናግር አልሄድም፤ ላንቺ ላስተረጉምልሽ ግን እመጣለሁ» አሉኝ።

መጡ። ወንበራቸውን ከአልጋሽ አርቀው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን «ውኃ ትላለች»፣ «መስኮቱን ክፈቺ ትላለች» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ረዘም አድርገሽ ተናገርሽ። «ምን አለች?» አልኋቸው።

«‹አባባን አሳፍሬያለሁ። ማሳፈሬ ያሳዝነኛል። ዛሬም ቢሆን ግን ሠርጉን ጥዬ እሄዳለሁ› ትላለች።»

ሊያለሳልሱት ይችሉ ነበር፤ እኔ ምን አውቃለሁ? እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉሽ። አንቺም ደህናውን እጅሽን ዘረጋሽላቸው። ያን እንዲተረጉሙልኝ አልጠየቅሁም።

በሳምንቱ አረፍሽ።

ከአርባሽ በኋላ ቄስ ሞላ የልጅ ልጃቸውን ትርንጎን በሚኒባስ ይዘው ድንገት መጡ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ለካ ታጭታ ነበር። «እስክትጨርስ አንቺ ጋ ትማር። ያጫትን ልጅ ወገኖች እኔ አናግሬያቸዋለሁ» ብለው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ።

እንግዲህ እሷ አለች። ጎበዝ ናት፣ ትቆጣለች፣ ሳህኗን አታነሳም። እኔን ኽምጣኛ ታስተምረኛለች፤ ምላሴ አልፈታ ሲለኝ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የሰው ልጅ ማሳደግ በዚህ ዕድሜዬ አላሰብሁትም ነበር። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከማንም ጋር ባላወራ ደስ ይለኛል።

የልጁ ወገኖች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ቄስ ሞላ መልሰዋቸዋል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እኔ ቤት ሊመጡ ነው ተባለ። የአጎቴ ቃል እስከ መቼ እንደሚጸና አላውቅም። አንቺ ብትኖሪ ንግግሩን ለአንቺ ትቼ ጓዳ እገባ ነበር።

እንግዲህ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ወግ ነውና አስቀምጣቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ አጠጣቸዋለሁ። ከዚያ አይሆንም እላቸዋለሁ። እንደገና ቢመጡም እንደገና አይሆንም እላቸዋለሁ። ሐውልትሽን ገና አላሠራሁም፣ እማዬ፤ እስከዚያው የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ልጅሽ