የግድግዳው ጽሕፈት የኔ ነው

ለማከብርሽ፣ ለምወድሽ፣ አራተኛ ክፍል መድረስሽንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላላስረሳሽኝ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? የስፌት መኪናሽ ፔዳልስ ዛሬም ይጮኻል ወይስ ዘይት የሚያጠጣው ሰው አገኘ? እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን በሁለት እግሬ እቆማለሁ፣ ምላሴም እንደምታውቂው ነው።

ጽሕፈቱን ስታዪ ትንሹ ልጅሽ የጻፈው እንዳይመስልሽ። ገና ፖስታውን ስትከፍቺ ይኸው ደግሞ ልጄን አስቸግሮ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። የለም። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ያ ፈርም ሲሉት አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ የሚነክረው ታናሽሽ። በማታው ትምህርት ፊደል ጨርሻለሁ። ከሠላሳ ስምንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣሁ አልነግርሽም፣ ጉራ ይመስላል። ሁለተኛ ነኝ። አንደኛ የወጣችው የተማሪዎቹ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ እሷም ከፊት ስለምትቀመጥ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት የሚያነቡት ሰዎች አሉ። ለእነሱም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የማይነበብ ቦታ ካለ ይጠይቁኝ፣ ቅርብ ነኝ።

ጽሕፈቴ ከልጅሽ ጽሕፈት ጋር አንድ የሆነው ያስተማረን እሱ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቹ ተሰባስበው ለኮሌጁ ግቢ ሠራተኞች በነጻ እናስተምር ሲሉ፣ የስድስት ቁጥር ክፍል ለእሱ ደረሰው። እሱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። «ለ»ን ሲጽፍ ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ ገፋ ያደርጋታል፣ ልትሮጥ የተነሳች ትመስላለች። ከአባቱ ይሁን ከማን እንደወረሰው እንጃ። እኛም የፊደል ትክክለኛ መልኳ ይኸው ነው ብለን ያዝነው። ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ጽዳቶቹ፣ የሁላችንም «ለ» ልትሮጥ የተነሳች ናት።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤሽ ልጄን ጠብቅልኝ የሚል ሦስት ቦታ አለ። ቆጥሬዋለሁ፣ መቁጠርም ተምረናል። ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ? አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እናድራለን፣ ሳህኑን አጥባለሁ፣ ካልሲውን ከወንበር ላይ አነሳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው እጁን ይዤ መንገድ ላሻግረው? ትልቁ ከዘመተ አሥራ አንድ ወር ሆነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ሰባት ወር። አንቺ እዚያ ፖስታ ቤት ስትመላለሺ ትንሹ እዚህ ዝም ብሎ ይማር ኖሯል? ስብሰባ ነው፣ ወረቀት ማባዛት ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የወንድሞቻቸውን ፎቶ ይዘው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ጦርነቱ ይቁም ይላሉ። ያንን የሰፋሽልኝን አንሶላ ታስታውሺዋለሽ? ሰልፍ ወጥቶ አልተመለሰም። ትንሹ ሁለት እንጨት ላይ ወጥሮ ሲይዘው በመስኮት አየሁት፤ ስፌቱ አንድም ቦታ አልተረተረም። እጅሽ ይባረክ፣ ግን አሁን የምተኛው በባዶ ፍራሽ ነው። ነበር።

ከዋናው በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ረጅም ግንብ ታውቂዋለሽ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ የቀባሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰኞ ጠዋት በቀይ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ ወንድሞቻችንን መልሱልን የሚል ተጽፎበት ተገኘ። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ፣ ሌሎቻችሁም ስሙኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በርግጥ ያኔ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፣ «ሀ»ን ጨርሼ «ለ» ላይ ደርሼ ነበር። ኋላ ጽሕፈቱን ሊያጣራ የመጣው መርማሪ ይህንኑ ሲጠይቀኝ አንዳንድ ሰው ቶሎ ይገባዋል አልኩት።

ጻፍኩት፤ ከዚያ የጥገና ኃላፊው አጥፋው አለኝና አጠፋሁት። ሐሙስ ተመልሶ መጣ፣ አጠፋሁት። ቅዳሜ መጣ። እትዬ፣ ኖራ ማቡካት ሊጥ ማቡካት አይደለም፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጥፍር ይበላል። ደግሞ ጽሕፈቱ ከላይ ነው፣ በመሰላል ነው የሚደረስበት። አንድ ቀን እራት ላይ አማረርኩ። ወገቤ አለቀ፣ ይህን የሚጽፍ ሰው እንደው ለአንድ ሽማግሌ አያዝንም ወይ፣ ዝቅ አድርጎ ቢጽፈው ምን ይጎድልበታል አልኩ። ትንሹ ባዶ ሳህኑን በእንጀራ ደጋግሞ ጠረገ። በማግስቱ ስመጣ ጽሕፈቱ በደረቴ ልክ ዝቅ ብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ማለቴ ጻፍኩት። ራሴን ሰምቼ ለራሴ አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ወሩ አልፎ፣ ፊደሉን ጨርሰን፣ ቃል መግጠም ጀምረናል። አንድ ጠዋት ባልዲዬን አስቀምጬ ቀና ስል ግንቡ አናገረኝ። ወን፣ ድ፣ ሞ እያልኩ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ከክፍል ውጭ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። የጻፍኩትን ለማንበብ መልቀሜ አይግረምሽ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ብሩሹ እጄ ላይ ደርቋል። ትልቁ ትዝ አለኝ፤ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ ጆሮዬን እንደ መሪ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይጠመዝዘው የነበረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያጠፋሁት እድፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ኖራውን ባሳረፍኩ ቁጥር የሰው አፍ የማፍን ይመስለኝ ጀመር።

ጥፋቴ በዚያው ጠዋት ነው። የጥገና ኃላፊው ከኋላዬ መጥቶ ምን ተገትረሃል አለኝ። እያነበብኩ ነው አልኩት። ሳቀ። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ አለኝ። ደሜ ፈላ። ማንበብ ብቻ አይደለም፣ የእጅ ጽሕፈትም እለያለሁ፤ ይህ ሁሉ ሰሞን የተጻፈው የአንድ ሰው እጅ ነው፣ ያቺን «ል» አያት፣ እግሯን ወደ ውጭ ጥላለች አልኩት። ሳቁን አቆመ። ግንቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ ወደ ቢሮ ሄደ። ሰው የራሱን ጽሕፈት ካላደነቀ ማን ያደንቅለታል፣ ለዚህ ነው የተናገርኩት። ለመርማሪው እንዲህ ብዬ አስረድቻለሁ። ለአንቺ ግን የምልሽ ሌላ ነው። ኃላፊው ሲሄድ ጀርባውን እያየሁ ይህን ምላሴን ኖራ ውስጥ ብነክረው ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔው አነበብኩት፤ በማንበቤ የተጸጸትኩበት ቀን እሱ ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም በየክፍሉ ይጽፋል፣ ጽሕፈቱ ከግንቡ ጋር የገጠመ ይባረራል፣ የተባረረ ተማሪ በሚቀጥለው መኪና ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል ይላል። ከማሠልጠኛ ወዴት እንደሚኬድ አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ትንሹ እራቱን አልበላም። የኔ ነገር አስጨንቆት ነው። ጋሼ፣ ነገ ተነስቼ ብቆም ይሻላል አለኝ። ተቀመጥ አልኩት። ለምን እንደሚቆም እኔ አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። እናትህ ፖስታ ቤት የምትመላለሰው ለአንድ ሰው ነው፣ ለሁለት ሰው ጉልበት የላትም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ግትርነቱን ከማን እንደወሰደ ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ።

በማግስቱ ስድስት ቁጥር ክፍል ገባን። መርማሪው ቀጭን ሰው ነው፣ ማጉያ መነጽር ይዟል። ያንኑ የግንቡን ቃል አጻፈን። ሠላሳ ስምንቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ አነሳ። ሁሉም አንድ እጅ ነው። ሰባ ስድስት «ል»፣ ሁሉም ልትሮጥ የተነሳች። የወጥ ቤቷ ኃላፊ ጽሕፈትማ ከግንቡ ላይ ተገልብጦ የመጣ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ ለክፉም ለደጉም ጎበዝ ናት። ትቀልዱብኛላችሁ ወይ አለን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና ማነው ያስተማራችሁ አለ።

ዘበኛው ጣሪያውን አየ። አትክልተኛው ጫማውን አየ። ልጅሽ ጥግ ላይ ነበር፣ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እትዬ፣ ከሁለተኛ ረድፍ እንደዚያ ተስፈንጥሬ ስነሳ ያ የተበላሸ ወገቤ የት እንደሄደ እስካሁን አላውቅም። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩ። መርማሪው ቀና ብሎ ገመገመኝ። አንተ አጥፊው አይደለህም ወይ፣ ጠዋት የምታጠፋውን ለምን ትጽፋለህ አለኝ። ሥራ እንዳይጠፋ ነው ጌታዬ አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ የጥገና ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ። መርማሪው ግን አልሳቀም፣ አላመነኝምም። እንግዲያው ና ግንቡ ላይ ጽፈህ አሳየኝ አለ።

የተማረ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ቀትር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ከክፍል በሚወጣበት ሰዓት፣ ቀይ ቀለምና መሰላል ይዘው በገዛ እጃቸው አወጡኝ። ቢያንስ አራት መቶ ሰው ቆሟል። ዝቅ ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ሰው ሲያየኝ አልወድም ብል ታምኚኛለሽ? መሰላሉ ጫፍ ወጣሁ። አንድ ፊደል በጻፍኩ ቁጥር ተማሪዎቹ ከታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፣ ልክ እኛን ስድስት ቁጥር ውስጥ እንደሚያስነብቡን። ስጨርስ መርማሪው በቃ፣ ውረድ አለኝ። አልጨረስኩም አልኩትና ከሥሩ የእህቴንም ልጅ ብዬ ጨመርኩበት። ይህን ለምን ጻፍክ ሲለኝ ቦታ ተርፎኝ ነው አልኩት። ከዚያ መነጽሩን አውጥቶ ለካ። ገጠመ። እንዴት አይገጥምም።

አዲሱ ቤቴ ጣሪያው ረጅም ነው፣ በር ላይ እንደ ትልቅ ሰው ዘበኛ አለልኝ። አሥራ አንድ ሆነን ነው የምንኖረው። ብቻ ግድግዳውን የቀባው ሰው ሊያፍር ይገባዋል፤ ኖራው ጀርባችን ላይ ይራገፋል። ለዘበኛው ነገርኩት፣ የሚመለከተውን ክፍል አናግር አለኝ። በሚራገፈው ኖራ አራት ሰው ፊደል እያስቆጠርኩ ነው። የእነሱም «ለ» መሮጥ ጀምራለች። እንግዲህ መርማሪው ይልፋ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ትንሹ እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ከሽቦው ወዲያ ይቆማል፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ጋሼ፣ እኔ ብሎ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሳል ይይዘኛል። ሌላ ቀን አያስለኝም፤ እሑድ ግን እሱ አፉን እስኪዘጋ ድረስ አላቆምም፣ ዘበኛው ሳንባህን ታየው ብሎኛል። ስለኔ ማሰቡ ጥሩ ነው፤ ግን ተሰላቸሁ። ለመመረቅ ሦስት ወር ነው የቀረው። በዚያ በአራተኛ ክፍል ብዕርሽ ጠንከር አድርገሽ ጻፊለት። ግንቡ አንድ ጸሐፊ አለው፣ ሌላ አያስፈልገውም በዪው። የእናት ቃል ነው በዪው። ሰልፉን ተው ብለሽ ግን አትጻፊ፣ እኔም አላልኩትም።

የጥገና ኃላፊውም ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጠይቆኝ ነበር፣ ፍራፍሬ ይዞ። ቀዩ ቀለም በኖራው ውስጥ ዘልቆ እየወጣ አስቸግሮታል። ሦስቴ አስቀብቶታል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይነበባል። አንተ እንዴት አድርገህ ነበር የምታቡካው አለኝ። ጨው እንደምጨምርበትና ምን ያህል ቀን እንደማሳድረው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ጠፍቶኛል አልኩት፤ ጭንቅላቴ በፊደል ተሞልቶ ሌላው ሁሉ ፈሶ ወጣ። ፍራፍሬውን ግን ተቀብዬዋለሁ።

ስለዚህ ጽሕፈቱ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ትልቁ ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ፍለጋ ወደ ግቢው ነው የሚሄደው፣ በዚያ ግንብ ሥር ነው የሚያልፈው። ያነበዋል። አጎቴ መጻፍ ከመቼ ወዲህ ብሎ መሳቁ አይቀርም።

ፈጣሪ ሁለቱንም ባንድ ደጃፍ ሲገቡ ያሳይሽ። ዓይንሽ ክር መርፌ ውስጥ ለመክተት አይድከም፣ ጉልበትሽ ወደ ፖስታ ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሄድበት ቀን ይቅረብ። አንሶላ ከሰፋሽ ሁለት አድርጊው፤ አንዱ መውጣቱ አይቀርም።

ደግሞ አንድ ሰው ቤትሽ ድረስ መጥቶ ይህን ወረቀት ቢያሳይሽና የማን እጅ ነው ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ቶሎ አትመልሺ፣ መነጽርሽን አድርጊ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በዪ፣ ከዚያ የወንድሜ ነው በዪ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ያምኑታል።

ታናሽ ወንድምሽ