ቁጥር የተነቀሰባት ጥንቸል

ሂኔክ፣

አውቶብሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ። ለጥንቸሎቹ ደረቅ ሳር ስጣቸው፣ እርጥቡ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። ድስቱ ውስጥ የተረፈውን አንተው ጨርሰው።

አሁን ለጥንቸሎች የቁንጅና ውድድር ፔርላን ሳጥን ውስጥ ላስገባት ብሄድ ጎጆዋ ባዶ ነው። ለትናንቱ እራት ያረድካት እሷን ነው።

ከእህቶቿ ጋር ትመሳሰላለች፣ እሺ። ግን ምናለ ጆሮዋን ገልጠህ ብታይ? የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ቁጥር የተነቀሰባት ጥንቸል ለወጥ አትሆንም። እኔም እኮ "እጅህ ይባረክ" እያልኩ በላሁ።

የመጀመሪያ ውድድሬ ነው፤ ባዶ ሳጥንም ይዤ ቢሆን እሄዳለሁ።

"አንዷማ ሳትሮጥ፣ ዝም ብላ ተያዘችልኝ" ስትል ትናንት እራት ላይ ሰምቼህ ስቄ ነበር።

በዚያ ሁሉ ብርድ ጠረጴዛ ላይ እያቆምኩ፣ ዳኛው ሲያነሳት እንዳትፈራ፣ ከማታውቀው ሰው እጅ አለመሸሽን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ብላንካ