ሚዛኑ ላይ የቆመችው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ግን አውቃለሁ። እኔ እጄ ከግራሶ አይጸዳም እንጂ ደህና ነኝ። ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አለኝና እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ለተቀጠሩ የአሳንሰር ጠጋኞች ትምህርት ስሰጥ የሰው ሚዛን ይዤ አሳንሰር ውስጥ ገባሁና ላዩ ላይ ቆምኩ። አሳንሰሩ ሽቅብ ሲነሳ ሚዛኑ ከስልሳ ኪሎ ወደ ስልሳ ስድስት ዘለለ፤ ቁልቁል ሲነሳ ሃምሳ አራት አለ። አንዷ፣ በአንድ ደቂቃ ወፈርሽም ከሳሽም ብላ አሳቀችን። ክብደት እንዲህ ነው፣ ወለሉ እግርሽን በገፋው መጠን ይለዋወጣል፤ መጠነ ቁስሽ ግን ብትወጪም ብትወርጂም ንቅንቅ አይልም ብዬ አስረዳኋቸው። ይህን ስናገር ቱታዬ ላይ የተጻፈው ስም የታላቅ እህቴ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነን እኮ፣ እማዬ። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ጥሪ በደረሳት በሳምንቱ ስታርፍብን፣ ወረቀቷን እጄ ላይ አድርገሽ ወንበሯ ባዶ አይቅር አልሽኝ። አልቀረም። በስሟ ተማርኩ፣ በስሟ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ሰው ጎበዝ ሲለኝ እሷን የሚል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አይመስለኝም። ሊበጠስ የደረሰ ገመድ በጣቴ ዳስሼ የምለየው እኔ ነኝ፤ ይህን ከማንም አልተዋስኩም።

አሁን የጥገና ኃላፊ ልትሆኚ ነው አሉኝ። ኃላፊ ማለት ይህ አሳንሰር ለሰው ደህና ነው ብሎ የሚፈርም ነው። የሰው ነፍስ በተንጠለጠለበት ወረቀት ላይ በሰው ስም መፈረም አልሆነልኝም። ትናንት አለቃዬ ኢንጂነሩ ዘንድ ገብቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እና እስከ ዛሬ ስቆጣ የኖርኩት ማንን ነው አሉኝ። እኔን ነው አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። ሹመቱ ግን ቆሟል፤ ሥራውም ሊቀርብኝ ይችላል። በራሴ ስም እንደገና እንድፈተን ለበላዮቻቸው ጽፈውልኛል። ይፍቀዱልኝ እንጂ ፈተናውስ አያቅተኝም።

የምፈራው አንቺን ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ሁሉ በእሷ ስም ነው የምትጀምሪው። ለጥንቃቄ ነው ብዬ ነበር። አምና ግን፣ ያ የልጅነት ጠባሳሽ አሁንም ያሳክክሻል ወይ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ እኮ ጠባሳ የለኝም፣ እማዬ፤ ጠባሳው የእሷ ነበር። አዎ፣ አልፎ አልፎ ብዬ መለስኩልሽ። ለዚህ ይቅር በይኝ።

ያኔ ሰው እንዳይሰማ ብለሽ ድምፅ አውጥተሽ አላለቀስሽላትም። አሁን የሚደበቅ ነገር የለም። አልቅሺላት፤ እኔም መጥቼ አብሬሽ አለቅሳለሁ። የሞተችብሽ ግን አንዷ ልጅሽ ብቻ ናት።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልብሽን ያረጋጋልኝ። እኔ አለሁልሽ።

ታናሺቱ ልጅሽ