የቴዲ ነጭ ወይንና የእኔ ሻንጣ

ሜይ 4፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ደብተሬ ሆይ፣ ተነሥተሽ ቁሚ። ከባድ መርዶ አለ። ላንድማርክ ሰፈር ባለው አፓርታማችን፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ በእኔ ሶዳ ቦታ፣ አራት ጠርሙስ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ተኝቷል። ሶዳዬ ተባሮ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ያስገባው ቴዲ ነው፣ የእኅቴ የሂሩት እጮኛ። ክሪስታል ሲቲ፣ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነው። ስድስት ሳምንት የወይን ክላስ ወሰደና አፍንጫው ዲግሪ ያዘ። ውሃ እንኳ አሽትቶ ነው የሚጠጣው። ዛሬ ሳልጠይቀው አስተማረኝ፦ የቦርዶ ነው፣ ሁለት ዓይነት ወይን ተቀላቅሎ። ሶቪኞን ብላን ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ሰሚዮን ያወፍረዋል። እኔም ሁለት ሶዳ እቀላቅላለሁ፣ ማን ክላስ ከፈተልኝ? አልኩት። ኮሌጅ ድሮፕ ላደረገ ሰው አይገባውም አለ። ሂሩት ፊት! ተመዝግቧል።

ሜይ 6፣ ረቡዕ

ፕላኑን ሰማሁ። ቅዳሜ ጋሽ መኮንን ይመጣሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ያላቸው። ከአሁን ወዲያ ጋ.መ.። ቴዲ ወይኑን ከሀበሻ ምግብ ጋር ያቀምሳቸዋል። ከወደዱት ሜኑ ላይ ይገባል፣ እሱም ማኔጀር ይሆናል። ማኔጀር ከሆነ ሰርጉ መስከረም ላይ።

ጠርሙሱን አየት አደረግኩ። ኮምጣጤ ትዝ አለኝ። ሂሩት ዓይኔን አይታ ገባት። የቴዲ ሽቶ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ከተገኘ ወዲህ እምነት የላትም። አንዲት ቀልድ ብትጨምር ፎልስ ቸርች፣ አጎታችን ቤት ትገባለህ አለች። ቤዝመንት፣ ከሦስት ሕፃናት ጋር። አንዱ ይናከሳል። ማልኩላት።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ንጹሕ ነኝ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ነኝ፣ የሚያምነኝ የለም።

ማዕዱ ዓሣ ጥብስና በቅቤ የራሰ ጎመን ክትፎ። ቴዲ ይሰብካል፦ የወይኑ ኮምጣጣነት የቅቤውን ቅባት ይቆርጠዋል፣ ከዓሣ ጋር ደግሞ እንደ ወንድምና እኅት ነው። እኔ አኩርፌ አልበላሁም። ጉርሻውንም ገፋሁ።

ጋ.መ. ደህና አድርገው ጎረሱ። እጃቸውን በሶፍት ጠረግ አድርገው ብርጭቆውን በቀኝ አነሡ። በግራ መጠጣት ነውር ነው ባይ ናቸው። ቴዲም ሊያስደስታቸው እንደሳቸው ጎርሶ፣ ጠርጎ፣ በቀኝ አነሣ። አሸተቱ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ።» ቴዲም አሸተተ። እሱንም ሸተተው። ፊቱ አመድ። ሁለተኛ ጠርሙስ ከፈተ። ያው። ሁሉም ዞሮ እኔን።

ታሽጎ የነበረ ነው እኮ አልኩ። ሂሩት «አንተን ደግሞ ምን የታሸገ ነገር ያግድሃል!» አለች።

ጋ.መ. እናስብበታለን ብለው ጫማቸውን አደረጉ። የሳቸው እናስብበታለን ቀብር ነው። ቴዲ ባለጌ አለኝ። ሂሩት ሻንጣዬን አወረደች።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

ከመሄድህ በፊት ዕቃ እጠብ ተባልኩ። ብርጭቆ ላይ የቀረውን አሸተትኩ። ሎሚ። የታጨደ ሣር። ኮረሪማ የለም። የቴዲን ሶፍት አሸተትኩ። ኮረሪማ! የጎመን ክትፎው ቅቤ!

እጃቸው ነው! ብርጭቆ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ጣትም አብሮ ይደርሳል። ስድስት ሳምንት የተማረው አፍንጫ የገዛ ጣቱን አላወቀም። ያልበላሁት እኔ ብቻ፣ እጄም ንጹሕ።

ችግሩ፦ ራሴን ላድን ካልኩ ያንን ደደብ አብሬ ላድነው ነው። ዝም ብል ሥራው ይቀርበታል፣ ደስ ይለኛል። ግን ሂሩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች። በውሃው ድምፅ ያልሰማኋት መስሏታል።

ሜይ 10፣ እሑድ

ለጋ.መ. ኮል አደረግኩ። ጋሼ፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው እንደገና ያሽትቱት አልኳቸው። ጉዱን ለሂሩትና ለቴዲም ነገርኳቸው። የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ይዘን ሲልቨር ስፕሪንግ። ሃይዌዩ ላይ ከቴዲ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ታጠቡ። አሸተቱ። «ኤዲያ! ሎሚ ነው እኮ!» ዓሣ ጥብስ አስመጥተው በሹካ በሉ፣ ወይኑን ሁለቴ አስቀዱ። ሥራው የቴዲ ሆነ።

ይቅርታ አላለኝም። ጥሩ አፍንጫ አለህ ብሎ ትከሻዬን መታ። ይቅርታው ያቺ ነች መሰለኝ። አሁንም እጠላዋለሁ። ዓሣውን ግን በላሁለት።

ሻንጣዬን ፈታሁ። ሶዳዬን ፍሪጅ መለስኩ። ደብተሬ፣ በቃ ቁጭ በይ። መርዶ ያልኩሽ ነገር፣ ተጣርቶ ሲታይ፣ ጣት ላይ የቀረ ቅቤ ነው።