የሶስና በረንዳ

ሰኞ

ሰባት! ከሃያው ሰባት! በቀይ እስክሪብቶ፣ ደግሞ ዙሪያውን ተከቦ፣ ያላየ ሰው ካለ እንዲያይ።

የልጅ ልጄ ሶስና ዛሬ ከትምህርት ቤት የመጣችው የካርቶን ቤቷን እንቁላል እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ አቅፋ ነው። ጣሪያው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «7/20። ይህ የልጅ ሥራ አይደለም።» ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። ልጅ ካልሆነች ምንድን ናት? ጡረተኛ?

የአምስተኛ ክፍል ልጆች ፕሮጀክት ተሰጥቷቸው ነበር፤ የምታውቁትን አንድ ቤት በካርቶን ሥሩ ተባሉ። ሶስና ድሮ የነበርንበትን ዶሮ ማነቂያ ያለውን ባለ ፎቅ ቤት መረጠች። ያለውን እላለሁ እንጂ የለም፣ ፈርሷል። እኛም አፍንጮ በር ከገባን አራት ዓመታችን ነው። እሷ ግን በልጅነቷ ያየችውን አልረሳችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትቆርጥ፣ ስትለጥፍ፣ ጣቶቿን እርስ በርስ ስታጣብቅ ከረመች። እኔ ኮላውን ነው የያዝኩላት። ኮላ መያዝ ወንጀል ነው?

በዚህ ሰባት አንደኝነቷ ሄደ። ሦስተኛም ከወጣች ተመስገን ነው። አምና በወላጆች ቀን በማይክ «ሶስና ዳዊት ታፈሰ» ተብሎ ሲጠራ፣ ታፈሰ እኔ ነኝና ተነስቼ ለአዳራሹ እጅ ነሳሁ። ልጄ ዳዊት ወንበር ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። ዘንድሮ ማን ሊጠራን ነው?

አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ካልሲዋን ማጠብ ጀመረች። ሶስና ሳትታዘዝ ካልሲ ካጠበች ነገሩ ከልቅሶ በላይ ነው።

ለመምህሯ የምላት፦
— ልጅቷን ቀና ብለሽ አይተሻታል ወይ?
— የአንደኛን ውጤት እንዲህ የሚጥል ማስረጃ የት አለ?
— እኔ አርባ ዓመት አናጺ ነበርኩ፤ የልጅንና የአዋቂን ሥራ ለይቼ አውቃለሁ።

(ሦስተኛውን ሰርዤዋለሁ። አናጺ መሆኔን ማወቅ አያስፈልጋትም።)

ማክሰኞ

ፒያሳ ወጣሁ። ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ተካልኝ እንደ ልማዱ ኬክ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። የእሱ የልጅ ልጅ ናቲ የሶስና ክፍል ተማሪ ነው።

«ናቲ ስንት አገኘ?» አልኩት።

«አሥራ ዘጠኝ።»

በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ። ከሱቅ የተገዛ ቤት ነው! ከሥሩ የሱቁ ምልክት እንኳ አልተላጠም። የጭስ ማውጫ አለው። ጣሪያው ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል፣ በረዶ መሆኑ ነው። የገና ጌጥ!

«ይሄ ቤት የት ሰፈር ነው?» አልኩት።

«እንጦጦ ዘወር ብሎ» አለኝ ሳይሽኮረመም። ቀጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ታፈሰ፣ እኔን አትሸውደኝ። የሶስናን ቤት የወላጅ ስብሰባ ስሄድ አይቼዋለሁ። ያ በረንዳ ያንተ እጅ ነው። ፊርማህ ብቻ ነው የቀረው» አለ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እስከ ምኒልክ አደባባይ ለብቻዬ እየጮኽኩ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ በስልክ የማወራ መስሏት ነው መሰለኝ «ይረጋጉ አባባ፣ ዘግተው መልሰው ይደውሉ» አለችኝ።

እሺ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። በረንዳውን ትንሽ ነክቼዋለሁ። ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ካለፈው እሑድ በፊት ባለው እሑድ ጠዋት፣ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ተንጋዶ አየሁት። ላቃናው ስል ተላቀቀ። ከተላቀቀ በኋላ ምን ላድርግ? ከጣውላ ቁራጭ ሌላ ሠራሁለት። ምሰሶውን፣ መደገፊያውን፣ ወለሉን። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ጠማማ ነገር እያየሁ ቁጭ ማለት አልችልም፤ አርባ ዓመት እንጀራዬ እሱን ማቃናት ነበር።

ስትመለስ አየችው። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

ለማንኛውም በረዶው አሥራ ዘጠኝ አይገባውም!

ረቡዕ

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘበኛው «ወላጅ ነዎት?» አለኝ። «የወላጅ ወላጅ ነኝ፤ ማዕረጌ ይበልጣል» አልኩት። ስቆ አስገባኝ።

መምህሯ ሚስ ሕይወት ይሏታል። የለበስኩት ኮት በዕድሜ ይበልጣታል። ለጠብ ተዘጋጅቼ ብሄድ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። እንዲህ ያለች መምህር ላይ እንዴት ይጮኻል? ቢሆንም ስለ በረዶው ቤት አነሳሁባት። «ከሥሩ ገልብጬ አላየሁትም፣ አየዋለሁ» አለች። ቀጥላ በስልኳ ያነሳችውን የእኛን በረንዳ አሳየችኝ።

«አባባ፣ ይመልከቱት። እንጨቱ የተያያዘው ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር ነው። አንዱ አንዱ ውስጥ ገብቶ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ማን ሠራው ብዬ ብጠይቃት መልስ አልሰጠችኝም። ይህን የአሥር ዓመት ልጅ ናት የሠራችው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ሥራዬን እንዲህ አስተውሎ ካየልኝ ስንት ዓመቱ ነው! ደስ አለኝ፤ ደስታው አፌን ከፈተው።

«እሷ ናታ! በገዛ እጇ! የእኛ ዘር እጁ እንዲህ ነው!»

«እንግዲያውስ ጥሩ» አለች ሚስ ሕይወት። «አርብ ጠዋት እኔ ፊት አንድ በረንዳ ትሥራልኝ። ከሠራች ሃያውንም እሰጣታለሁ፣ ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ካልሠራች ግን የሰው ሥራ የራሴ ነው ብላ አስረክባለች ማለት ነው። ጠባይዋ ላይ ይጻፋል።»

ጠባይዋ ላይ! የሶስና ጠባይ ላይ! ካርዷ ላይ!

እስከ ታክሲው ድረስ ሚስ ሕይወትን ስራገም ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ተካልኝን። ከዚያ ፕሮጀክት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያመጣውን ሰው። አፍንጮ በር ስወርድ የምቆጣው ሰው አለቀብኝ። አንድ ብቻ ቀረ። እሱ ጋ ዛሬ አልደርስም።

ሐሙስ

እሱ ጋ ደረስኩ፤ እሱ እኔው ነኝ።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ መሮውን፣ ትንሿን መጋዝና ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጠበቅኳት። ትናንት ያልኩትንና የተባልኩትን ነገርኳት። ቆማ አዳመጠችኝ።

«አባባ፣ እኔ መሮ ይዤ አላውቅም እኮ።»

«እስኪመሽ ትለምጂዋለሽ። የማን ልጅ ሆነሽ!»

«ብለምደውም ውሸት ነው። ያ በረንዳ የእኔ አልነበረማ።»

«ታዲያ ሚስ ማን ሠራው ብላ ስትጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አያቴ ነው ብል አንተን ትጠራሃላ። ደግሞ...» ከንፈሯን ነከሰች። «ደግሞ የዚያን ዕለት በጣም ደስ ብሎህ ነበር። ስታፏጭ ነበር።»

እንዴት እንደ ተናደድኩ! እኔ ስላፏጨሁ ሰባት ትቀበላለች? ማን አድርጊልኝ አላት? ዕቃዬን ሰብስቤ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩ።

«ሌላም አለ» አለችኝ። «አምስት ምሰሶ አድርገህበታል። አራት ነው።»

«አምስት ነው! ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ!»

«አራት ነው አባባ።»

በዚህ ስንጨቃጨቅ ልጄ ዳዊት ከሥራ ገባና ሁሉን ሰማ። ዳዊት አንተ ነው የሚለኝ፤ እርስዎ ካለኝ ተናዷል ማለት ነው። «እርስዎ ነገ አብረዋት ይሄዳሉ። እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ» አለኝ። ከዚያ እራት ላይ «እርስዎ ጨው ያቀብሉኝ» አለ። ለጨው እንኳ!

አርብ

ሱፌን ለበስኩ፣ የካርቶን ቤቱን በአንድ ክንዴ አቀፍኩ። ሶስና መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛ ሄደች፤ እኔ ነኝ የያዝኳት እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሚስ ሕይወት ገና ሳልጀምር ነገሩ ገባት። «ቢሮ እንነጋገር» አለችኝ። ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ ያለችው እሷ አይደለች? ክፍሉ ፊት ይሁን አልኩ።

«ልጆች፣ በረንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሶስና አላዘዘችኝም፤ በሌለችበት ነው። ረቡዕ ዕለትም ለመምህራችሁ ዋሽቻለሁ።»

ከኋላ አንዱ «አባባ፣ ከሃያ ስንት ሰጡዎት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዞር ብዬ ባይ ናቲ! የበረዶው ባለቤት!

ሚስ ሕይወት የእኔን በረንዳ በጥንቃቄ ነቅላ ለእኔ ሰጠችኝ። ለሶስና ካርቶንና መቀስ ሰጠቻት። «አሁን የራስሽን ሥሪ» አለች። እኔን ጥግ አስቀመጠችኝና «እጅዎ ጉልበትዎ ላይ ይሁን» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! እጅ ጉልበት ላይ!

እንዲህ ያለ ረጅም ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። መቀሱን በግራ ይዛ በቀኝ ትገፋዋለች። መስመር ሳታሰምር ትቆርጣለች። ኮላው ሳይደርቅ ትለቀዋለች። ምላሴን ነከስኩ። አንድ ምሰሶ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛውን ስታቆም ትዝ አለኝ። አምስተኛውን ዝናብ አበስብሶት ራሴ ነቅዬ የጣልኩት እሷ ሳትወለድ ነው። ልጅቷ ልክ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት የኖረው ሰውዬ ተሳስቷል።

አሥራ አምስት ሰጠቻት። «የቀረው ስጠይቅሽ ዝም በማለትሽ ነው። ጠባይሽ ላይ ግን ምንም አልጽፍም» አለቻት። እውነት ለተናገረ ቤተሰብ አምስት ይቆረጣል? ልናገር አፌን ስከፍት ሶስና እግሬን ረገጠችኝ።

የበረዶው ቤትም ተገልብጦ ታየ። ናቲ ሰኞ በእጁ የሠራውን ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ለተካልኝ ልደውልለት ነው። ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ።

ቅዳሜ

ካርዱ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዳዊት ደማምሮ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ትወጣለች ይላል። ቁርስ ላይ «አንተ፣ ዳቦ ድገም» አለኝ። ተመስገን።

ለሶስና «አራት ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አሁን ከእናቷ ጋር ጫማ ሊገዙ ወጥተዋል። ዳዊትም የለም። ሶስና የካርቶን ቤቷን የእኔ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች፣ አልጋዬ ፊት ለፊት። «አንተ ጠብቅልኝ» ብላኝ ነው የሄደችው። ከሰው ሁሉ ለእኔ!

በረንዳው ወደ ግራ ተንጋዷል። አንድ ጣት ያህል። አንድ ጣት ሙሉ! ሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንዲት ስንጥር ብትገባ ይስተካከላል። የምታውቅም አይመስለኝም። ታውቃለች። ኮላው መሳቢያው ውስጥ ነው።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። በስምንት ይመለሳሉ። ቀኝ እጄን እስክሪብቶ አስይዤዋለሁ፤ በግራዬ ደብተሩን ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ። ገጹ ሊያልቅ ነው። ሌላ ምን ልጻፍ?